ነክቶ መልቀቅ

መጀመሪያ የሰማሁት ሌሊት ላይ፣ በጆሮ ማዳመጫ ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንድ የቆየ የድምፅ ቅጂ ከፈትኩ። ደወል መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ብዙ ደወል መሰለኝ፤ ከዚያ ከሩቅ የሚመጣ ዝናብ፣ ከዚያ የሰው ጉምጉምታ። ምት የለውም፣ ዜማ የለውም፤ እንዲያው የተዘበራረቀ ጩኸትም አይደለም። ከሥር አንድ ነገር በጣም በዝግታ ይተነፍሳል፣ ከላይ ደግሞ እንደ ፍንጣሪ የሚረግፉ ቀጫጭን ድምፆች አሉ። እስኪያልቅ ድረስ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። ሲያልቅ ስለ ቅጂው የተጻፈውን አነበብኩ። የሰማሁት የሙዚቃ መሣሪያ አልነበረም። ሐውልት ነው። ሰው በእጁ እየዳበሰ የሚያናግረው፣ ከብረት ዘንጎች የተሠራ ሐውልት።

ሠሪው ሃሪ በርቶያ ይባላል። ስሙን ከዚያ በፊትም አውቀው ነበር፤ የማውቀው ግን በወንበር ነው። እኔ ከብረት የቤት ዕቃ እየነደፍኩና እየበየድኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ በዚህ ሙያ ላለ ሰው የበርቶያን ወንበር አለማወቅ ይከብዳል። ሽቦ እንደ መረብ ተጣምሮ የተሠራ፣ ተቀማጩን እንደተዘረጋ መዳፍ የሚቀበል ወንበር ነው። ታዲያ የወንበሩን ሰው ከዚህ ድምፅ ጋር ምን አገናኘው? ጥያቄው ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ሲከተለኝ ኖረ። መልሱ የመጣልኝ ከንባብ ብቻ አይደለም፤ ጣቴን አቃጥዬ፣ ብዙ ብረት አበላሽቼ ነው።

በርቶያ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1915 በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን፣ በፍሪዩሊ ምድር በምትገኝ ትንሽ መንደር ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በ15 ዓመቱ ወንድሙ ኦሬስቴ ወደሚኖርበት ዲትሮይት ተሻገረ። በ1937 ክራንብሩክ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ የብረታ ብረት ወርክሾፑን አደራጅቶ የሚያስተምረው እሱ ሆነ። ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና ብረት ጠፋ። ለጦር መሣሪያ የሚፈለግ ብረት ለተማሪ መለማመጃ አይታደልም። በርቶያም ጥቂት ብረት ወደሚበቃው ሥራ፣ ወደ ጌጣጌጥ አዘነበለ። በኋላ በቤት ዕቃ ንድፍ ስማቸው የገነነው ሬይ እና ቻርለስ ኢምስ ሲጋቡ ሬይ ያጠለቀችውን ቀለበት የሠራው እሱ ነው።

ስለ በርቶያ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ምዕራፍ ቶሎ ያልፉታል። እኔ ግን ሁሉ ነገር የተጀመረው እዚህ ይመስለኛል። ትልቅ ብረት የሚሠራ ሰው ብረትን የሚያውቀው በትከሻው ነው፤ አንጥረኛ የሚያውቀው በጣቱ ጫፍ። ቀጭን ሽቦ የት ላይ እንደሚታዘዝ፣ የት ላይ እምቢ እንደሚል፣ ሲለቀቅ ምን ያህል ወደ ቦታው እንደሚመለስ በጣት ይለያል። ይህን የተማረ እጅ በኋላ ምንም ያህል ትልቅ ነገር ቢሠራ የተማረውን አይረሳም።

በ1943 ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ ከኢምስ ባልና ሚስት ጋር የኮምፔንሳቶ ወንበሮች ላይ ሠራ፤ በኋላም ተለያዩ። በ1950 ሃንስ እና ፍሎረንስ ኖል ጠርተውት ወደ ፔንሲልቬንያ መጣ። የቤት ዕቃ አምራቹ የኖል ኩባንያቸው ይህን ሥራልን ብሎ አላዘዘውም፤ ቦታና ጊዜ ሰጥቶ የፈለገውን እንዲሞክር ተወው። ያ የሽቦ መረብ ወንበር፣ በ1952 የወጣው የዳይመንድ ወንበር፣ ከዚያ ሙከራ የመጣ ነው።

አንድ ቀን ይህን ወንበር ሊያሳድስ ያመጣ ሰው ስለነበር ወንበሩ ለሦስት ሳምንት ያህል አብሮኝ ከረመ። ትራሱን አውልቄ ባዶ ሽቦውን ለብርሃን ይዤ አየሁት። በርቶያ ራሱ ወንበሮቹ በአብዛኛው ከአየር የተሠሩ ናቸው፣ ባዶው ቦታ በውስጣቸው ያልፋል ይል ነበር፤ በእርግጥም ከወዲያ ማዶ ያለው ግድግዳ ሳይቀር ይታያል። የገረመኝ ግን መታየቱ አይደለም። ስቀመጥበት ሽቦው ትንሽ ሰጠ፣ ስነሳ ደግሞ ተመለሰ። ሲመለስ በጣም ትንሽ፣ ጆሮዬን ካላስጠጋሁ የማልሰማው፣ «ዝዝ» የሚል ነገር አሰማ። ያን ጊዜ ከወንበሩ ጎን መሬት ላይ ተቀመጥኩና ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጥፍሬ መታሁ። ከዳር ያሉት ወፍራም፣ ከመሐል ያሉት ቀጭን ድምፅ አላቸው። ወንበሩ የተሠራው እንዲጮህ አልነበረም፤ ይሁንና ለሐውልቶቹ የሚያስፈልገው ሁሉ ውስጡ ነበር።

ወንበሩ ጥሩ ገንዘብ አስገኘለትና በርቶያ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሙሉ ጊዜውን ለቅርፃ ቅርፅ ሰጠ። ለሕንፃዎች ትልልቅ የብረት መከለያዎች ሠራ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኤሮ ሳሪነን በነደፈው ትንሽ ጸሎት ቤት ውስጥ ከላይ ከሚገባው ብርሃን ጋር ቁልቁል የሚፈስ የሚመስለው የ1955ቱ ሥራው እስከ ዛሬ አለ። ፎቶውን ሳየው በቀጫጭን ሽቦ ላይ የተንጠለጠሉ የብረት ቁራጮች ብርሃን ያዘንባሉ። እዚያም ዝምታ አለ፤ ነገር ግን ልክ ሊናገር ከንፈሩን እንደከፈተ ሰው ዓይነት ዝምታ ነው።

ድምፁ የመጣው በ1960 አካባቢ ነው። እንደሚተረከው፣ አንድ ሽቦ ሲያጣምም ያመልጠውና ሌላ ሽቦ ይመታል። በርቶያ ብረት ሲጮህ ሲሰማ ያ የመጀመሪያው ሊሆን አይችልም፤ ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሯል። ያን ቀን የተለየው ቆም ብሎ መጠየቁ ነው፤ አንዱ እንዲህ ካለ ሁለቱ ምን ይላሉ? አሥሩስ? መቶውስ? የቀረውን 18 ዓመት ዕድሜውን በአብዛኛው ለዚህ ጥያቄ ሰጠ። ሥራዎቹን «ሶናምቢየንት» ብሎ ሰየማቸው፤ ድምፅንና በዙሪያችን ያለውን ቦታ የሚያጋባ ቃል ነው።

አሠራራቸው ሲታይ ቀላል ነው። ከታች ወፍራም የብረት መደብ፤ በላዩ በረድፍ የቆሙ ቀጥ ያሉ ዘንጎች፤ አንዳንዴ በዘንጎቹ ጫፍ ላይ እንደ እሸት ራስ የተሰኩ ከባድ ሲሊንደሮች። ከሩቅ ሲታይ ጥቅጥቅ ያለ ሸምበቆ ይመስላል። ዘንጎቹን በእጅህ ጠርገህ ስትለቃቸው ይወዛወዛሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይዘምራሉ። እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ሙከራዬን የሠራሁት እጄ ላይ በነበረው ነው። 2 ሚሊሜትር ላሜራ ቆርጬ፣ 25 ቀጫጭን የብረት ዘንጎች በላዩ አቁሜ በኤሌክትሪክ በየድኳቸው። ነካኋቸው። «ጣ» ብለው ዝም አሉ። ደግሜ ነካሁ፤ «ጣ»። ግማሾቹ ታጥፈው ቀሩ። በሰማሁት ቅጂ ውስጥ አንድ ምት ከደቂቃ በላይ ሲኖር፣ የእኔ አንድ ሴኮንድ አልሞላም።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ወራት ፈጀብኝ። አንደኛ፣ ላሜራው ስስ ስለሆነ ራሱ ይርገበገባል፤ ዘንጉ የያዘውን ጉልበት ሁሉ ይውጥበታል። መደቡ ወፍራምና ከባድ ሲሆን ጉልበቱ መሄጃ ስለሚያጣ ዘንጉ ውስጥ ይቆያል። ሁለተኛ፣ ተራ ብረት ሲጎነበስ ጎንብሶ ይቀራል፤ የሚያስፈልገው የሞላ ጠባይ ያለው ብረት ነው። ሦስተኛውን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። የሞላ ሽቦ ገዝቼ ስበይደው የብየዳው ሙቀት እግሩ አጠገብ ያለውን ቦታ አለስልሶ ሞላነቱን ገደለው። በመጨረሻ 20 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት በድሪል በስቼ፣ ሽቦዎቹን በጠባብ ቀዳዳ አስገድጄ ከትቼ፣ ከሥር ብቻ አጣበቅኋቸው። እሱ ዘመረ።

በርቶያ ከሞከራቸው ብዙ ብረቶች መሐል አብልጦ የወደደው የቤሪሊየም መዳብ ነበር። መዳብ ውስጥ ቤሪሊየም የሚባል ብረት 2 በመቶ ገደማ ሲገባና ከዚያ በልኩ ሲሞቅ፣ ለስላሳው መዳብ እንደ ብረት የሚጠነክርና እንደ ሞላ የሚመለስ ይሆናል። ቀለሙ የመዳብ ሙቀት አለው፣ ድምፁ ደግሞ የደወል ርዝመት።

ስለ ዘንግ ድምፅ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዚህ ሁሉ ሥራ ያገኘሁት ትልቁ ደስታ እሱ ስለሆነ። የተወጠረ ክር ስትመታ ከዋናው ድምፅ በላይ የሚደረቡት ድምፆች ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ እያሉ በሥርዓት ይሰለፋሉ። አንድ ጫፉ የተያዘ፣ ሌላው ጫፉ ነፃ የሆነ ዘንግ ግን እንዲህ አይደለም። ሁለተኛው ድምፁ ከመጀመሪያው 6.27 እጥፍ፣ ሦስተኛው 17.55 እጥፍ ነው። በማንኛውም የዜማ መሰላል ላይ አይቀመጡም። የበርቶያ ድምፅ ዜማ ያልሆነው፣ ግን እንደ ደወል የሚያስደምመው ለዚህ ነው። ርዝመቱን በግማሽ ብታሳጥረው ድምፁ አራት እጥፍ ይቀጥናል፤ ውፍረቱን እጥፍ ብታደርገው ድምፁም እጥፍ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ርዝመት ላይ ነው።

የእኔ ዘንጎች 3 ሚሊሜትር ውፍረትና 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አላቸው። ስሌቱን ስሠራ ዋናው ድምፃቸው በሴኮንድ 6 ርግብግቢት ያህል ሆኖ አገኘሁት። የሰው ጆሮ ከ20 በታች አይሰማም። ወረቀቱን ትቼ ወደ ዘንጎቹ ሄጄ አንዱን ነካሁት። ጫፉ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል፤ በዓይን ሊቆጠር ትንሽ ሲቀረው። ዋናው ድምፅ እሱ ነበር! ጆሮ የማይሰማውን ዓይን ያየዋል፤ ጆሮ የሚሰማው ደግሞ በዚያው ዘንግ ላይ ዓይን ሊይዘው የማይችለውን ፈጣኑን ንዝረት ነው። አንድ እንቅስቃሴ ለሁለት ተከፍሎ፣ ከፊሉ ቅርፅ ሆኖ ለዓይን፣ ከፊሉ ድምፅ ሆኖ ለጆሮ ይደርሳል። ቅርፃ ቅርፅና ድምፅ «ተቀላቀሉ» ሲባል ብዙ ጊዜ ሁለት ነገሮች በማንኪያ የተማሰሉ ይመስለኝ ነበር። በዘንጉ ላይ ግን የሚቀላቀል ነገር የለም፤ ከመጀመሪያውም አንድ ናቸው።

ሌላም አለ። ዘንጎቹን በእጅ ስለቆረጥኳቸው ርዝመታቸው በትክክል እኩል አልሆነም፤ መጀመሪያ ይህ አሳፍሮኝ ነበር። ከ60 ሳንቲ ሜትር ላይ የአንድ ሚሊሜትር ልዩነት ድምፁን ከሦስት ሺህ አሥር ያህል ብቻ ይለውጠዋል። ሁለት ተቀራራቢ ድምፆች አብረው ሲሰሙ ግን አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጠፋፋሉ፤ በልዩነታቸው ልክ ድምፁ ያብጣል፣ ይሟሽሻል። አንዱ በሴኮንድ 200፣ ሌላው 202 ጊዜ ቢርገበገብ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ማበጥና መሟሸሽ ይሰማል። ያን ሌሊት ከሥር ሲተነፍስ የሰማሁት ነገር ይኸው ነው። ፍጹም እኩል ብቆርጣቸው ኖሮ ያ ትንፋሽ አይኖርም ነበር።

በርቶያ ሐውልቶቹን ፔንሲልቬንያ ውስጥ ባለ አንድ አሮጌ የገበሬ ጎተራ ውስጥ ሰበሰባቸው። ጎተራውን አድሶ መቶ ገደማ የሚሆኑ መርጦ አቆመበት፤ ከጣሪያው አራት ማይክሮፎኖች አንጠለጠለ። ማታ ማታ፣ አንዳንዴ ከወንድሙ ከኦሬስቴ ጋር፣ እየገባ ይጫወት ነበር። የተነሱትን ፎቶዎች ሳይ እጁ ከመምታት ይልቅ ማቀፍ ላይ ነው፤ ዘንጎቹን እንደ ነዶ ሰብስቦ ያቅፍና ይለቃቸዋል። የመጀመሪያው ሸክላ በ1970 ወጣ። ከዚያ በኋላ ሌሎች አሥር ሸክላዎች አዘጋጀ፤ እነሱ ለገበያ ሲወጡ እሱ አልነበረም። ከሞተ በኋላ ጎተራው ውስጥ ከ300 በላይ የተቀዱ ቴፖች ተገኝተዋል። ለማን እየቀዳ እንደነበር አስባለሁ። ሥራዎቹን በስሙ አይፈርምባቸውም፣ የድምፅ ሐውልቶቹንም ርዕስ አይሰጣቸውም ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው መቶ ሌሊት ሲቀዳ ዝናን አስቦ አይመስለኝም። ማዳመጥ ራሱ ሥራው ነበር።

በ1978፣ በ63 ዓመቱ፣ በሳንባ ካንሰር ሞተ። ብዙዎች ዕድሜውን ሙሉ ከሳበው የብረት ጭስና ብናኝ ጋር ያያይዙታል፤ ቤሪሊየም በትንፋሽ ሲገባ ሳንባን እንደሚጎዳ ደግሞ ዛሬ በደንብ ይታወቃል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ያንን ብረት ላለመንካት ወሰንኩ፤ የእኔ ሞላ ሽቦ ይበቃኛል፤ በምሠራበት ክፍልም ጭስ ማውጫ አስገባሁ። በርቶያ የተቀበረው ከጎተራው ጀርባ፣ ራሱ ከሠራው ግዙፍ የነሐስ ጎንግ፣ ተንጠልጥሎ እንደ ደወል ከሚመታ ክብ ብረት፣ ሥር ነው።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልምጣ። ከእነዚህ ሐውልቶች ብዙዎቹ ዛሬ በሙዚየምና በሰብሳቢዎች እጅ ናቸው፤ አጠገባቸው ብዙ ጊዜ «አይንኩ» የሚል ጽሑፍ አለ። ምክንያቱን አውቃለሁ። የእጅ ላብ መዳብን ያጠቁራል፤ ሺህ ሰው የወዘወዘው ዘንግ አንድ ቀን ከእግሩ ይሰበራል። የጠባቂዎቹን ጭንቀት አልንቅም፤ እኔም የሰው ዕቃ የማድስ ሰው ነኝ። ግን ያልተነካ ሶናምቢየንት ምኑ ተጠበቀ? የተረፈው ዘንጉ ነው፤ ሥራው ግን ሲነካና ሲለቀቅ በመሐል የሚሆነው ነገር ነበር። ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጓንት ያጠለቀ አንድ ሰው ይንካው፤ ሌላው ቆሞ ይስማ። ዘንጉ የሚሰበር ከሆነ ደግሞ ዘንግ ይተካል፤ በርቶያም ሲሠራቸው ስንቱን ነቅሎ ተክሎ ይሆናል።

በቺካጎ መሐል ከተማ ግን የሚነካቸው ነፋስ ነው። በ1975 ለአንድ የነዳጅ ኩባንያ ሕንፃ አደባባይ 11 ሆነው ውሃ ላይ ቆመው ነበር፤ ከእነሱ የተወሰኑት ዛሬም እዚያው አሉ። ነፋስን «አይንኩ» የሚለው የለም።

በርቶያ በዚህ ሥራ ብቻውን አልነበረም። ፈረንሳይ ውስጥ በርናር እና ፍራንሷ ባሼ የሚባሉ ወንድማማቾች፣ አንዱ መሐንዲስ፣ ሌላው ቀራፂ፣ የበርቶያ ወንበር በወጣበት በዚያው በ1952 በእርጥብ ጣት የሚታሹ የመስታወት ዘንጎች ያሉት መሣሪያ ሠርተዋል፤ ድምፁ በትልልቅ የብረት ቅጠሎች ይሰራጫል። ከዘመናችን ሰዎች ደግሞ የስዊሱን ዚሙንን እወደዋለሁ። ትንንሽ ሞተሮችን፣ ሽቦዎችንና የካርቶን ሳጥኖችን በመቶ ቆጥሮ ክፍል ይሞላል፤ የሥራው ርዕስ ብዙ ጊዜ የዕቃዎቹ ዝርዝርና ቁጥር ብቻ ነው። አንዱ ሞተር ካርቶን ሲቆረቁር ምንም አይደለም፤ ሦስት መቶው አብረው ሲቆረቁሩ ዶፍ ይሆናል። ክሮኤሽያ ውስጥ በዛዳር ከተማ የባሕር ዳርቻ ደግሞ ኒኮላ ባሺች የተባለ አርክቴክት በ2005 ደረጃዎች ሥር 35 ቱቦዎች ቀብሮ ማዕበሉ እንዲነፋቸው አድርጓል። ሰዎች ደረጃው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ስትጠልቅ ያያሉ፤ የተቀመጡበት ነገር ይዘምራል። በርቶያ ይህን ቢያይ ደስ የሚለው ይመስለኛል፤ መቀመጫም ነው፣ ድምፅም ነው።

ድምፅ ማጉያ ተደብቆባቸው ከሌላ ቦታ የተቀዳ ድምፅ የሚያሰሙ ሐውልቶችንም አይቻለሁ። አንዳንዶቹ ጥሩ ናቸው። እኔን ግን የሚይዘኝ ብረቱ ራሱ ሲናገር ነው። ማጉያ የሰጡትን ሁሉ ይደግማል፤ ዘንግ ግን ከርዝመቱና ከውፍረቱ ውጭ ሌላ የሚለው የለውም።

የእኔ 36 ዘንጎች አሁን ቤቴ መተላለፊያ ላይ፣ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ቆመዋል። የመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ ያያቸዋል፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ይነካል?» ይለኛል። ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ መጣች፤ አምስት ዓመቷ ነው። አልጠየቀችኝም። ሁለት እጇን ዘርግታ ዘንጎቹን በሙሉ አቀፈቻቸው፤ ጉንጯን አስጠግታ ትንሽ ቆየችና እጇን ከፈተች። ክፍሉ ሞላ። እሷ ወደ ኋላ አልሸሸችም፤ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወፍራሙ ብረት ላይ አደረገችና ዓይኗን ጨፈነች። ለእኔ ድምፁ ካለቀ በኋላም እዚያው ነበረች። «አለቀ እኮ» አልኳት። እጇን አንስታ ዝም በል አለችኝ፤ እሷ ገና እየሰማች ነበር።